ኢሊአን የደበቀው ጥቁር ስክሪን

የባሌን እህት ቫይሉፔን «ኩሩ ናት» እያሉ የሚያሟት አሉ። ምን ያውቃሉ እነሱ! ወጣትነቷን የጨረሰችው ባሕር ማዶ ፓጎ ፓጎ በሚገኝ የቱና ፋብሪካ፣ ቆማ ዓሣ ስትበልት ነው። ጣቶቿ ላይ ቢላ ያልነካው ቦታ የለም። እናቷ ስትታመም ሁሉን ጥላ ወደ ደሴታችን ወደ ሳቫይኢ፣ ወደ መንደራችን ተመለሰች፤ አስታመመች፣ ቀበረች። አላገባችም፣ አልወለደችም። ያላት አንድ ወንድም ነው፤ እሱም የኔ ባል ኢሊአ።

በእኛ ዘንድ እህት ለወንድሟ የዓይን ብሌን ናት። የወንድም ሚስት ግን ከሌላ መንደር የመጣች ባዳ ናትና ሳህን አጣቢ ናት። እኔ ሲኒቫ ያቺ ሳህን አጣቢ ነኝ። ሳህኑን አጥባለሁ፤ ምላሴን ግን ያጠበልኝ የለም።

ወደቡ ዳር ባለው የዓሣ አጥማጆች መጋዘን ውስጥ እርዳታ ሰጪዎች ኮምፒውተር ትተውልን ሲሄዱ የሚነካው ጠፋ። ወንዶቹ «ይነክሳል!» እያሉ ሲያላግጡ ቫይሉፔ ቁጭ ብላ ለመደችው። በየጀልባው የታሰረች ትንሽ ሣጥን ያለችበትን ቦታ ኮረብታው ላይ ላለው አንቴና ትልካለች፤ አንቴናው ደግሞ ለዚያ ኮምፒውተር ብቻ ይነግረዋል። ስክሪኑ ላይ ካርታ ይመጣል፣ ካርታው ላይ ቀይ ነጥብ። ነጥቧ ባልሽ ናት። ስንቱን ሌሊት እሷን አይተን ተኝተናል።

ኢሊአ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ወጥቶ በማግስቱ ማለዳ መግባት ነበረበት። ነጋ፣ የለም። ንፋሱ ተነሥቶ የኮኮናት ዛፎቹን ያጎነብሳቸው ጀመር። ማዕበሉ ድንጋያማውን ዳርቻ ሲመታ ድምፁ እቤቴ ድረስ ይሰማል። ጫማ እንኳ ሳላደርግ ወደ መጋዘኑ ሮጥኩ።

ቫይሉፔ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። ስክሪኑ ድቅድቅ ያለ ጥቁር ነው።

«የት ደረሰ?» አልኳት።

ቁልፎቹን ትመታለች።

«አንቺ! ኢሊአ የት ደረሰ ነው የምልሽ!»

«ካርታው አልመጣም» አለች ዞር ሳትል። «ማሽኑ ይነሣል፣ ይነሣልና እዚህ ሲደርስ ጭልም ይላል።»

ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። እሷ ስትፈራ አይቼ አላውቅም ነበር። ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ።

አፒያ ከተማ ኮምፒውተር ለሚጠግነው ለፌሌቲ ደወለች፤ እኔም፣ ተከትለውኝ በር ላይ የተሰበሰቡት ሴቶችም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«የሳቫይኢ ንግሥት!» አለ ፌሌቲ። «ዛሬ ደግሞ ምን ሰበርሽብኝ?»

«ስክሪኑ ጠፍቷል። ኢሊአ ባሕር ላይ ነው፣ አልገባም።»

ቀልዱ እዚያው አለቀ። «ከመጥፋቱ በፊት ምን እያደረገ ነበር?»

«አፕዴት።»

«ጨርሶ ነበር?»

«ዛጎሉ ተነፋ» አለች።

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም፤ ፌሌቲም መንደር ያደገ ነው። አመሻሽ ላይ የጸሎት ዛጎል ሲነፋ ሰው ሁሉ ባለበት ይቀመጣል፤ ጎረምሶቹ ዱላ ይዘው መንገዱን ይጠብቃሉ፤ ማንም አይንቀሳቀስም፣ ምንም አይጮኽም። አንድ ጊዜ ኮምፒውተሩን የሚያሠራው የመጋዘኑ ጀነሬተር በጸሎት መሐል ሲያጓራ ተገኝቶ ቤተሰባችን ትልቅ አሳማ ተቀጥቷል። ስለዚህ ቫይሉፔ ትናንት ዛጎሉን ስትሰማ ጀነሬተሩን ቀጥ አደረገችው። አፕዴቱ ገና መሐል ላይ ነበር።

ደሜ ፈላ። «ለአሳማ ብለሽ!» ብዬ ጮኽኩ። «ለአሳማ ብለሽ ወንድምሽን ገደልሽው!»

በር ላይ የተሰበሰቡት ሴቶች አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። የወንድም ሚስት በባሏ እህት ላይ? ይህ በመንደራችን ተሰምቶ አያውቅም። ቫይሉፔ ግን ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

የመንደሩ ሹም ቱሲፓ እያለከለኩ ገቡ። «ፖሊሶቹ ጀልባቸውን አስነሥተዋል» አሉ። «ባሕሩ ሰፊ ነው፣ ቦታውን ንገሩን እያሉ ነው። ምን ልበላቸው?»

«አባባ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» አለች ቫይሉፔ።

«እኔስ ልታገሥ ልጄ፤ ማዕበሉ ይታገሣል ወይ?»

«ስሚኝ ቫይሉፔ» አለ ፌሌቲ። «ማሽኑ አልሞተም። የጠፋው ፊቱ ነው፤ ውስጡ እየሠራ ነው። ሦስት ቁልፎች እነግርሻለሁ፣ አንድ ላይ ተጫኚ።»

ተጫነች። ከጥቁሩ ላይ ነጫጭ ፊደላት ብቅ ብለው ማን እንደሆነች ጠየቋት። ስሟን ጻፈች፣ የምሥጢር ቃሏን ጻፈች። ከዚያ ፌሌቲ ትናንት የተቋረጠውን የሚያስጨርሰውን ትእዛዝ ፊደል በፊደል እየነገራት መታችው። መስመሮቹ ወደ ላይ ይፈሱ ጀመር፤ ድንገት ቆሙ።

«ቆመ!» አለች። «ፌሌቲ፣ ቆመ!»

«አትንኪው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ተይው።»

ተውነው። ያን ያህል ጊዜ ያለ ትንፋሽ መቆየት እንደሚቻል ያወቅሁት ያኔ ነው። ውጭ ንፋሱ አንድ ቆርቆሮ ገንጥሎ ሲጥል ሁላችንም ዘለልን። መስመሮቹ እንደገና ተንቀሳቀሱና ጨረሱ። ማሽኑን አጥፍታ አስነሣችው።

ጥቁር።

«እግዚኦ!» አልኩ፤ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ኢሊአ ታየኝ፤ ውኃ ውስጥ፣ ዓይኑ ፈጦ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ልጆቼን ምን ብዬ እንደምነግራቸው ሁሉ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

«ገባኝ፣ ገባኝ» አለ ፌሌቲ። «ሥዕሉን የሚያወጣው ክፍል ከአዲሱ ሲስተም ጋር አልተስማማም። አሮጌው ሲስተም ግን አልተሰረዘም፤ በእሱ እናስነሣዋለን። ገና ሲነሣ አንዷን ቁልፍ ደጋግመሽ ምቺ፣ ዝርዝር ይመጣል። ከዘገየሽ ያልፍሻል፤ እንደገና ከመጀመሪያ ነው።»

ቫይሉፔ ሞከረች፤ ዘገየች። ደግማ ሞከረች፤ ጣቷ ሌላ ቁልፍ ላይ አረፈ። ከዚያ ወንበሯን ገፋ አደረገችና ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየችኝ።

«ሲኒቫ፣ ነይ አንቺ ምቺው። እጄ አልታዘዝ አለኝ።»

«እኔ? እኔማ...»

«ነይ እባክሽ!»

ያቺን ቁልፍ እንደ ጠላት ቀጠቀጥኳት። ዝርዝሩ መጣ። «ሁለተኛው መስመር» አለችኝ ጆሮዬ ሥር። መረጥኩ። ጥቁር ሆነ፤ ጥቁር ሆኖ ቆየ፤ ቆየ። ከዚያ የእናቷ ፎቶ ስክሪኑን ሞልቶ ወጣ፤ ካርታውም ተከፈተ። ቀይዋ ነጥብ ከደሴታችን ርቃ በምዕራብ በኩል፣ ማንም ሊፈልጋት በማያስብበት ቦታ ላይ ነበረች። ብቻዋን።

ቫይሉፔ የቦታውን ቁጥር ለቱሲፓ አነበበች፣ ደገመች፣ መልሰው እንዲያነቡላት አደረገች። እሳቸውም ለፖሊሶቹ ነገሩ። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው፤ ስለ መጠበቁ አልናገርም።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አመጡት። ሞተሩ ነበር የቆመበት። ከንፈሩ በጨው ተሰነጣጥቋል፣ እግሩ አልቆም አለው፣ ግን ኢሊአ ነው፤ ስሜን ጠራኝ። ቫይሉፔ ግን ከመጋዘኑ አልወጣችም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከቤቴ በር ወጣሁና ደነገጥኩ። ደጃፌ ላይ፣ ፀሐዩ ላይ፣ ሰው ተቀምጧል፤ ከራስ እስከ እግሩ በቤተሰቡ ጥሩ ምንጣፍ ተሸፍኖ። በእኛ ዘንድ ደም ያፈሰሰ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው፤ የተበደለው ቤት ምንጣፉን እስኪያነሣለት ይቀመጣል፣ ካላነሡለትም እዚያው ፀሐይ ይፈጀዋል። ምንጣፉን አወቅኩት፤ የሟቿ እናታቸው ነው። እሷ! ለእኔ ለሳህን አጣቢዋ!

«ኢሊአ! ኧረ ውጣ፣ እህትህን አንሣት!»

ከተኛበት ሆኖ አለቀሰ። «እኔማ ምን አድርጋኝ? የመጣችው ላንቺ ነው፤ ባሏን ላሳጣት ነበር ብላ።»

ሄድኩ። «ተነሺ እቴ» አልኳት፤ «አታዋርጂኝ። ያን ቃል የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ እንዲያውም እኔ ነኝ ከምንጣፉ ሥር መቀመጥ ያለብኝ።» ጎንበስ አልኩ። «ቫይሉፔ?» አትንቀሳቀስም። ምንጣፉን ገለጥኩ። ጭንቅላቷ ጉልበቷ ላይ ወድቋል፤ ላቧ ይንጠባጠባል። በምላሴ ገደልኳት አልኩ። እጄን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋሁ።

ተኝታለች። ኢሊአ ከወጣበት ምሽት ጀምሮ ዓይኗን ሳትከድን፣ እደጄ መጥታ ነው እንቅልፍ የጣላት።

አልቀሰቀስኳትም። ምንጣፉን በሁለት እጄ ከራሷ በላይ ዘርግቼ፣ ራሷ እስክትነቃ ድረስ ከፀሐዩ ጋረድኳት።