ጥርስ የወደቀበት ትሪ

አል-ዓሪዳ ኮረብታ ላይ ፍየል በምጠብቅበት ጊዜ ወራት ሙሉ የበላሁት ሩዝ ብቻ ነበር። ጠዋት ስኳር የበዛበት ሻይና ደረቅ ብስኩት፣ ምሳ ሩዝ፣ ራት ከምሳ የተረፈው ሩዝ። ጆንያው ነቅዟል። መጀመሪያ ነቀዙን እንለቅም ነበር፤ ኋላ ሰለቸንና አብረን መቀቀል ጀመርን።

ሁለት ነበርን። ሁለታችንም የወሎ ሰዎች፣ ሁለታችንም በየመን በኩል ድንበሩን ተሻግረን ያለ ወረቀት ዓረብ አገር የገባን። ጓደኛዬ በዕድሜ ትንሽ ይበልጠኛል። መንገድ ላይ ውሃ ስናጣ የራሱን ጉንጭ ውሃ ያካፈለኝ ሰው ነው።

ቀድሞ አትክልት የጫነ መኪና በየሳምንቱ በመንደሩ ያልፍ ነበር አሉ። የየመን ጦርነት ከተነሳና ከድንበሩ ማዶ የሚተኮሰው መድፍ ከበዛ ወዲህ ቀረ። አሠሪያችን፣ በአረብኛው «ከፊል» የምንለው፣ ቤተሰቡን ወደ ጂዛን ከተማ አሽሽቶ በሳምንት አንዴ ብቻ ብቅ ይላል። ለፍየሎቹ በርሲም የሚሉትን ለምለም ሣር በፒክአፕ ጭኖ ያመጣል፤ ለእኛ ደግሞ ከሠርግ የተረፈ ሩዝ በላስቲክ። ላስቲኩን ስንፈታው ፀሐይ የመታው የስብ ጠረን አፍንጫችንን ይበጥሰዋል። አንድ ቀን ከውስጡ የሲጋራ ቁራጭና ሰው ግጦ የተፋው አጥንት አወጣሁ።

«ሐላል ነው፣ ብሉ!» ይለናል። እሱ ራሱ ግን ላስቲኩን የሚይዘው በሁለት ጣቱ ጫፍ ነበር።

በመጀመሪያ የጓደኛዬ እግር በለዘ። ማንም ሳይመታው ቅልጥሙ ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ ወጣ፤ ድሮ የዳነ ቁስሉ እንደገና አፍ አወጣ። ከዚያ ድዱ አብጦ እንደ ጉበት ጠቆረ። «ምች ነው» ብሎ በጨው ውሃ ተጉመጠመጠ። ትንፋሹ የሞተ አይጥ ይሸት ጀመር። ሲያወራኝ ፊቴን አዞራለሁ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ እያለን ማኘኩን ድንገት አቆመና እጁን ወደ አፉ ሰደደ። ከእጁ ያመለጠ ጥርስ ትሪው ላይ፣ እኔ በምበላበት በኩል ወደቀ። ነጩ ሩዝ ዙሪያው ቀላ።

«ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ» አለኝ፤ ጥርሱን ከነሩዙ ዝቆ ጣለው። «በዚያ በኩል ብላ።»

«ጠግቤያለሁ» ብዬ ወጣሁና ከበረቱ ጀርባ አስመለሰኝ።

ከማግሥቱ ጀምሮ የድርሻዬን በድስት ክዳን ለብቻዬ እየወሰድኩ መብላት ጀመርኩ። ሆዴን አሞኛል አልኩት። ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት መፋቂያዬን ከአፌ ሳወጣው ደም ሆኖ አየሁት። እጄን አፌ ላይ አድርጌ ተነፈስኩና አሸተትኩት። ያው የሱ ሽታ ነው። የዚያን ቀን የገዛ ምራቄን መዋጥ እንኳ አቃተኝ።

በዚያው ሰሞን አንዲት ፍየል አፏ አበጠ። ከፊሉ ተደናግጦ በጠዋት መጣና ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰዳት፤ እኔም ከኋላ ተጭኜ እሷን አቅፌ ሄድኩ። የእኔንና የጓደኛዬን አፍ ግን አንድም ቀን አይቶት አያውቅም። እሱ ከሐኪሙ ጋር ሲነጋገር እኔ አጠገቡ ወዳለው ፋርማሲ ገባሁ። ባለመድኃኒቱ ሱዳናዊ ሽማግሌ ነበሩ። አፌን አስከፈቱኝና አፍንጫቸውን በመሐረብ ሸፈኑ።

«ምንድን ነው የምትበላው?»

«ሩዝ።»

«ከሩዝ ጋርስ?»

«ሻይ።»

«ቲማቲም? ሽንኩርት? ፍራፍሬ?»

«ከሐጅ ወዲህ እኔም ጓደኛዬም አልቀመስንም።»

«ላ ሐውለ!» ብለው ተገረሙና መሐረቡን አወረዱ። «ይሄ ድሮ ወራት ሙሉ ባሕር ላይ የሚቆዩ መርከበኞችን ይገድል የነበረ በሽታ ነው። አትክልትና ፍራፍሬ ያልበላ ሰው ሥጋው ይላላል። አንተ እኮ የማንጎ አገር ላይ ቆመህ ነው የታመምከው!» ውሃ ውስጥ የሚሟሟ የቫይታሚን ክኒን ኪሴ ውስጥ ከተቱልኝ። «ሎሚ ብሉ፣ ጥሬ ሽንኩርት ብሉ። እንዳትቀቅሉት።»

ከኛ በታች ሸለቆው ውስጥ፣ መድፉን ፈርተው ባለቤቶቹ ጥለውት የሄዱት እርሻ ነበር። በማግሥቱ ሁለታችንም ወረድን። መሬቱ በበሰበሰ ፓፓያ ጨቅይቷል፤ ዝንቡ ዓይን አያስገልጥም። ውሃ ካጡት ዛፎች ላይ የደረቁ ሎሚዎች ለቀምንና እዚያው ከነልጣጩ በላን። ድዳችንን እንደ እሳት ፈጀው። ጓደኛዬ እንባው እየወረደ ያኝካል፤ እኔም እንደዚያው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደሙ ቆመ፣ የጓደኛዬም እግር ጠራ። የወደቀው ጥርስ ግን አልተመለሰም። ከፊሉ ላስቲኩን ይዞ ሲመጣ አልቀበልም አልኩት።

«ለፍየሎቹ በርሲም ስታመጣ ለእኛ ሽንኩርት አምጣልን።»

«ሽንኩርት!» ብሎ ሳቀ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ግማሹ የበሰበሰ አንድ ጆንያ ሽንኩርት አወረደልን። የበሰበሰውን እየላጥን በላነው።

ያን ዕለት ሩዙን በትሪው ላይ ለሁለታችን አቀረብኩ። ጓደኛዬ ትሪውን አየና የድስቱን ክዳን አንስቶ ሰጠኝ።

«አንተ በዚህ ብላ» አለኝ። ቁጣ በድምፁ አልነበረም። «ለምደኸዋል።»

ከረመዳን በፊት አር-ሪስ ተራራ ላይ ሌላ የእርሻ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለየብቻ በላን።