በሰይድ ተራ

ልጅ ሳለሁ፣ የጦሳ ተራራ ጉሙን ወደ ደሴ ሰፈሮች መልቀቅ ሲጀምር፣ ከእኛ ቤት ይልቅ የልብስ ሰፊው የአያ ይማም በረንዳ ይሞቅ ነበር። ምስጢሩ የከሰል ካውያቸው ነው። ቀኑን ሙሉ ኮትና ሱሪ ሲተኩሱበት የዋሉትን ካውያ አመሻሹ ላይ ከፍተው፣ የተረፈውን ፍም አፉ የተሸረፈ የሸክላ ምድጃ ላይ ይገለብጡታል፤ እኛ የሰፈሩ ልጆችም የካውያውን ክዳን ሲጥታ ከየቤታችን የምንሰማ ይመስል፣ ፍሙ አመድ ሳይለብስ ከብበነው እንገኛለን። በረንዳው የተለበለበ ጥጥ፣ የማሽን ዘይትና የእርጥብ ጋቢ ይሸት ነበር። ፋኖሱ ከስፌት መኪናው በላይ ተንጠልጥሎ የፊታቸውን ግማሽ ብቻ ያበራል፤ ያኔ ተረቱን የሚያውቀው ጨለማ ውስጥ ያለው ግማሽ ይመስለኝ ነበር።

«ተረት ተረት» ሲሉን «የላም በረት» እንላለን። ሲጨርሱ ግን «አፌን በዳቦ አብሱ» ብለውን አያውቁም፤ ዳቦ ይዘን እንደማንመጣ ያውቁታል። የእሳቸው ዋጋ ሌላ ነበር። ዓይናቸው ስለደከመ፣ ተረት የሰማ ልጅ ሁሉ ለነገው ሥራ መርፌ ላይ ክር አስገብቶ በመርፌ መሰኪያዋ ትራስ ላይ ሰክቶ ይሄዳል። ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኢኮኖሚክስ ሳጠና ስለ ፍትሐዊ ልውውጥ ብዙ ተነግሮኛል፤ ከዚያ የተሻለ ምሳሌ ግን አላገኘሁም።

ከተረቶቻቸው ሁሉ አንዱ መጨረሻ አልነበረውም። ድርቅ በገባበት አገር አንድ የቆየ የውሃ ጉድጓድ አለ። ውሃው እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ የሁሉም ሰው ገመድ አጠረ፤ የአንድ ሀብታም ገመድ ብቻ ይደርሳል። ሀብታሙ «ገመዱን የገመድኩት በላቤ ነው፤ ብቻዬን እቀዳለሁ» ይላል። እውነቱን ነው። ሌሎቹ «ውሃው የሁላችን ነው» ይላሉ። እነሱም እውነታቸውን ነው። የባለሱቁ ልጅ እዚህ ላይ «ገመድ የሌለው ይግመዳ» ይል ነበር። እኔ ደግሞ ድሆቹ አጫጭሩን ገመድ ለምን አይቀጣጥሉትም ብዬ ጠየቅሁ። አያ ይማም ከልባቸው አሰቡበትና፣ የማን ገመድ ከላይ ይሁን በሚለው ተጣልተዋል ብለው መለሱልኝ። ብቻ ነገሩ ዳኛ ዘንድ ይደርሳል። ዳኛው ሁለቱንም ወገን ሰምቶ፣ ጢሙን አሻሽቶ፣ «ለመሆኑ ጉድጓዱን ማን ቆፈረው?» ብሎ ይጠይቃል። አያ ይማም እዚህ ሲደርሱ መቀሳቸውን ያነሳሉ። ከዚያስ ስንላቸው «ዳኛው እያሰበ ነው» ይሉናል። ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ፤ ዳኛው እያሰበ ነበር።

ያኔ በሰፈራችን ገመደ ረጅሙ ሰው ሐጂ እንድሪስ ነበሩ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይህን መጻፍ ይቀለኝ ነበር። የእህል ነጋዴ ናቸው፤ የጭነት መኪኖቻቸው ደሴና ኮምቦልቻ መካከል ሲመላለሱ ይውላሉ፤ በረመዳን ደጃቸው ያላፈጠረ ድሃ የለም። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ የቅሬያችን ድንኳንም የእሳቸው ስጦታ ነበር። ቦሩ ሜዳ ከገበሬ ቤት ተወልደው፣ እንጨት ተሸክመው ደሴ እየሸጡ እንደጀመሩ ለሰማ ሁሉ ይናገራሉ። ሀብቴ የላቤ ነው ሲሉ የሚዋሹ አልነበሩም።

ቅሬ ግን ከድንኳን ሌላ ጉልበትም ይፈልጋል። ሰው ሲሞት ጠሪው በሰፈሩ እየዞረ ይጣራል፤ አቅም ያለው ወንድ ሁሉ ወጥቶ ቀብሩን በተራ ይቆፍራል። ሐጂ ጊዜ ስለሌላቸው በእሳቸው ተራ ሰይድን ይልኩ ነበር። ሰይድ ከገራዶ የመጣ፣ ጆንያ የሚያራግፍላቸውና እህል ቤቱን የሚጠብቅላቸው ዝምተኛ ሰው ነው፤ ከእህል ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ከእናቱ ከእማማ ሐዋ ጋር ይኖራል። ቤታችን ከቀብሩ ቦታ በቁልቋል አጥር ብቻ ይለይ ስለነበር፣ ሴት ልጅ ቀብር ባትሄድም እኔ ብዙ ነገር በቁልቋሉ ቀዳዳ አይቻለሁ። የቅሬው ሰብሳቢ አያ ሙሄ ስም ሲጠሩ፣ «ሐጂ እንድሪስ!» ሲሉ፣ ሰይድ ዶማውን እንደያዘ «አለሁ» ይላል። ማንም አይስቅም። ነገሩ ከመለመዱ የተነሳ እኔም ለተወሰነ ጊዜ ሰውየው ሁለት ስም ያለው መስሎኝ ነበር።

አንድ የክረምት ጠዋት እማማ ሐዋ ሞቱ። ጠሪው ግን አልተጣራም። እናቴ ሬሳ ለማጠብ ነጠላዋን ይዛ ስትወጣ ምነው ጥሪ ሳንሰማ ብላት፣ ወንዶቹ እየተማከሩ ነው አለችኝና ከፈኑ ደርሶ እንደሆነ እንድመለከትላት ወደ አያ ይማም ላከችኝ። የሬሳውን መጠቅለያ፣ ከፈኑን፣ የሚቆርጡት እሳቸው ነበሩ።

በረንዳው በወንዶች ተሞልቷል። አያ ይማም ነጩን አቡጀዲ በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ይቆርጣሉ፤ ካውያው ገና ስላልተለኮሰ በረንዳው ቀዝቅዞ ነበር። አባቴ ጥግ ላይ ቆሟል። ነገሩ የገባኝ ቀስ በቀስ ነው፤ ሰይድ የቅሬው አባል አልነበረም። ይህን ያህል ዘመን የሰፈሩን ሙት ሲቀብር የኖረው በሐጂ ስም ነበርና፣ የራሱን ስም መመዝገብ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም፤ እሱ ራሱ እንኳ። አባል ካልሆነ ደግሞ ጥሪ የለውም፣ ድንኳን የለውም፣ ሦስት ቀን አብሮት የሚቀመጥ ሰው የለውም። በዚያ ዝናብ እናቱን ቀብሮ ወደዚያች ክፍል ብቻውን ሊመለስ ነው።

አያ ሙሄ ደንብ ወዳድ እንጂ ጨካኝ አልነበሩም። «ቀብሩ ፈርዳችን፣ ግዴታችን ነው፤ እንቀብራቸዋለን። ጥሪውና ድንኳኑ ግን የአባል ነው። ዛሬ ለሰይድ ደንብ ከጣስኩ፣ ነገ የገበያው ተሸካሚ ሁሉ ሲመጣ ምን ልመልስ ነው?» አሉ።

አንድ ሽማግሌ ነገሩን ለማለዘብ፣ ሀብታሙም ድሃውም እዚያ ሲደርስ እኩል ነው፣ ከፈን ኪስ የለውም አሉ።

«ኪስ የሌለው ለሙት ነው» አሉ አያ ይማም ቀና ሳይሉ። «እዚህ የተሰበሰብነው ባለኪሶቹ ነን።» መቀሱ ትንሽ ሄደና ቆመ። «ሙሄ፣ አምና የአባትህን ቀብር ማን ቆፈረው?»

«ሐጂ እንድሪስ» አሉ አያ ሙሄ፣ ወዲያው።

«ወላሂ?»

አንዱ ሊስቅ ቃጣውና የለቅሶ ቀን መሆኑ ትዝ ብሎት ወደ ሳል ቀየረው። አያ ሙሄ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። አባታቸውን ሲቀብሩ ሰይድ ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ ሬሳውን በእጁ እንደተቀበለላቸው እኔ እንኳ በቁልቋሉ ቀዳዳ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማሁም፤ ከፈኑ ተጣጥፎ ተሰጠኝና ሮጥኩ። ቤት ሳልደርስ ግን ጠሪው ከላይ ሰፈር በኩል መጣራት ጀመረ።

ሐጂ እንድሪስ ከኮምቦልቻ የደረሱት ቁፋሮው ሲጀመር ነው። ሰይድ ሐዘንተኛ ስለሆነ ዶማ አልያዘም፤ ጋቢውን ተከናንቦ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አያ ሙሄ ስም ይጠራሉ። «ሐጂ እንድሪስ!» ሲሉ ከልማድ የተነሳ ሁሉም ወደ ሰይድ ዞረ፤ ሰይድም ከልማድ የተነሳ ሊነሳ ቃጣው። ሐጂ ትከሻውን ይዘው አስቀመጡት። አያ ይማም የሰፉላቸውን ኮት አውልቀው ቁልቋሉ ላይ፣ ከዓይኔ ፊት ለፊት ሰቀሉትና አንዱን ወጣት ዶማ ተቀበሉት።

«ዛሬ እኔ በሰይድ ተራ ነኝ» አሉ።

ቁፋሮው አላማረላቸውም። ጭቃው ከባድ ነው፣ ዶማው እየተንሸራተተ ጎን ጎኑን ይመታል፤ ወጣቶቹ በአክብሮት ዓይናቸውን ወደ ጦሳ አዙረው ነበር። ከቆይታ በኋላ ሰይድ ከተቀመጠበት ሆኖ በለሆሳስ፣ «ሐጂ፣ የግራ እጅዎን ወደ ታች ዝቅ ያድርጉት» አላቸው።

ሐጂ ቆም ብለው እጃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አውቀው ነበር» አሉ። «ረሳሁት።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው የሰፈራችን ትልቅ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ቦሩ ሜዳ ላይ የቀረ የአንድ ልጅ ድምፅ ነበር።

ድንኳኑ ተተከለ፤ ሦስቱን ቀን ሰው ሞላው። የሰይድ ስም ቅሬው ውስጥ ገባ። ዓለም ተለወጠች ብዬ ግን አልዋሽም። በሳምንቱ ሰይድ ጆንያውን ሲያራግፍ፣ ሐጂ ደግሞ መኪናቸው ውስጥ ሲገቡ አይቻለሁ። ሐጂ ከዚያ በኋላ አንዳንድ ቀብር ላይ ይመጣሉ፣ አንዳንዱ ላይ ይቀራሉ፤ ሲቀሩ ግን የሚተካቸው አልተላከም፣ መቅረታቸውም መቅረት ተባለ። አያ ይማም ይህን ሲሰሙ «እሱም አንድ ነገር ነው» አሉ። ከዚያ በላይ ሲያደንቁ ሰምቼ አላውቅም።

የለቅሶው ቀናት ካለፉ በኋላ አንድ ምሽት ፍሙ እንደተገለበጠ የጉድጓዱን ተረት አስጀመርኳቸው። ዳኛው ማን ቆፈረው ብሎ የጠየቀበት ላይ ሲደርሱ መቀሱን አላነሱም።

«ሰዎቹስ ምን አሉት?» አልኳቸው።

«አያውቁትም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ» አሉ ፍሙን በካውያው ጫፍ እየቆሰቆሱ፣ «መጠየቅ ጀመሩ።»

ያኔ መጨረሻ ሆኖ አልታየኝም፤ የተታለልኩ መስሎኝ አኩርፌ ነው መርፌዬን የሰካሁት።

ዛሬ ኮምቦልቻ ውስጥ ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። በክፍሌ መስኮት የፋብሪካ ጭስና የማይጨረሱ ፎቆች ይታያሉ፤ ከፎቆቹ ሥር ደግሞ ሲሚንቶ የሚሸከሙ ልጆች። ተማሪዎቼ አንዱ ያን ያህል ኖሮት ሌላው ይህን ያህል ማጣቱ ትክክል ነው ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ሀብት በሰው መካከል እንዴት እንደተከፋፈለ የሚያሳይ፣ ሰሌዳው ላይ የምስለው የታወቀ መስመር አለ፤ እሱን እስላለሁ። ትክክል አይደለም ብዬ አስባለሁ፣ እሱንም እነግራቸዋለሁ። ገመዱ የላብ ውጤት ሊሆን እንደሚችል ግን አልክድም፤ የሐጂን መዳፍ አይቻለሁና። የሚከነክነኝ አንዱ ብዙ መያዙ ብቻ አይደለም፤ ሌላው ሲቆፍር ኖሮ ስም ሲጠራ «አለሁ» የሚለው በባለገመዱ ስም መሆኑ ነው።

አሁን ያለሁበት ሰፈር ቅሬ ዘመናዊ ነው። መምጣት ያልቻለ በስልኩ ገንዘብ ይልካል፤ ቀብሩን ተቀጣሪዎች ይቆፍሩታል፤ ሁሉም በጊዜው ይጠናቀቃል። በቅርቡ ጎረቤታችን አርፈው ባለቤቴ ከቀብር ሲመለስ፣ ማን ቆፈረው ብዬ ጠየቅሁት።

«ቅሬው ነዋ።»

«ማን?»

ጫማውን እያወለቀ ቆመ። ጭቃ አልነካውም። «ከደጋን ከተማ የመጡ ልጆች ናቸው መሰለኝ» አለ። ከዚያ ሌላ አያውቅም፤ እኔም አላውቅም። በማግስቱ ወደ ሥራ ሲሄድ ግን በቀብሩ ቦታ በኩል ዞሮ ስማቸውን ጠይቆ መጣ። ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ሰይድ ይባላል። ወሎ ውስጥ ሰይድ የማይባል ማን አለ ብለን ትንሽ ሳቅን። ከዚያ ሳቃችን አለቀና፣ ለመሆኑ የቅሬው አባል ናቸው እንዴ አለኝ።

አላውቅም አልኩት። የቅሬው ስብሰባ እሑድ ነው።