ለገመድ ጉተታ ውድድር መርሳን ጓዝ አሸከፍናት

ዛሬ መርሳ ከተማ ላይ ማስታወቂያ ስንሠራ ሰዉ ጓዙን ሸክፎ ወጣ።

የማርኬቲንግ መምህራችን "ውድድር አዘጋጁ፣ ሰውም ጋብዙ" ብሎን ነበር። ለነገው የግቢያችን ገመድ ጉተታ ባጃጅ ላይ ሜጋፎን አስረን ዞርን። በዚህ ጦርነት ሜጋፎን የሚጮኸው ለክፉ ወሬ ብቻ መሆኑን ማናችንም አላሰብነውም።

ምን እንዳልን የሰማ የለም። ድምፁ ሲመጣ ሱቁ ሁሉ ተዘጋ። (መምህር፣ ማስታወቂያው በደንብ ደርሷል።)

ጎረቤታችንን እትየ ዘውዴን ፍራሻቸውን አህያ ላይ ጭነው መንገድ ላይ አገኘኋቸው።

"እትየ፣ ይመለሱ፤ የተማሪ ውድድር ነው" አልኳቸው።

ፍራሹን ዞር ብለው አዩት። "አንቺ ልጅ፣ ውድድሩን ጓዝ መሸከፍ ብታደርጉት እኮ አንደኛ ነበርኩ።"

ለነገው ውድድር ጓዝ መሸከፍም ተጨምሯል።

እናንተስ በከንቱ ጓዝ ያሸከፋችሁ ምን ድምፅ ነው?