ማህተሙ ውስጥ፣ እኛ በር ላይ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አንዲት ደብዳቤ ሰባት ጊዜ ጻፍኩ። ደብዳቤዋ ሁለት ወንበር ይሰጠን የምትል ነበረች። አለቃዬ ጋሽ ደመቀ መጀመሪያ ቁጥር የላትም ብለው መለሷት። ቀጥሎ ቀኑ ከቁጥሩ በላይ ተጻፈ ብለው መለሷት። ከዚያ ደግሞ ግልባጭ የላትም። ግልባጩን ለማን ላድርግ ብዬ ስጠይቅ «ለእኔ» አሉ፤ ወንበር ጠያቂውም ሰጪውም እሳቸው ነበሩ። በማግስቱ የራሳቸውን ደብዳቤ ከራሳቸው ተቀብለው፣ ጥግ ላይ «ለወ/ሪት ጽጌ፤ ተፈጻሚ ይሁን» ብለው መሩልኝ። ወንበሮቹን ከጎረቤት ክፍል ተሸክሜ ያመጣሁት እኔው ነኝ።

ይህ አዲስ አበባ ቢሆን ማንም አይደነቅም ነበር። የሆነው ግን ጆሃንስበርግ መሀል ከተማ፣ ስሙን በማልጠራው ዩኒቨርሲቲ፣ ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። ጋሽ ደመቀ አገር ቤት ሳሉ የአንድ ኮሌጅ መዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ። እዚህ ሲመጡ ፋይል አመላላሽ ሆነው ተቀጠሩ፤ ከዚያ የመዝገብ ሠራተኛ፣ ከዚያ የሰነድ ክፍል ኃላፊ፣ በመጨረሻም ምክትል ሬጅስትራር ሆኑ። ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ ቀየሩት እንጂ አሠራራቸውን አልቀየሩም። ደቡብ አፍሪካውያን ባልደረቦቻችን መጀመሪያ ይስቁ ነበር። ከየቢሮው የጠፋው ወረቀት ሁሉ ግልባጩ እኛ ዘንድ እንደሚገኝ ሲያውቁ ሳቁን ተዉት።

ከሁሉ በላይ የሚያምኑት ክቡን ማህተም ነበር። ፊርማ ማንም ይሞነጫጭራል፣ ማህተም ግን አንድ ነው ይላሉ። የማህተሙ ቤት ትንሽ የብረት ካዝና ናት፤ ቁልፏ በክር ታስሮ አንገታቸው ላይ ይውላል። አንድ ጊዜ አንድ ሰው በሐሰተኛ ደብዳቤ ፈተና ክፍል ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ጋሽ ደመቀ ሦስት ቀን ቢሯቸውን ዘግተው ለበሩ ጥበቃ ባለ ስድስት አንቀጽ መመሪያ ጻፉ። ፍሬ ነገሩ ማህተም የሌለው ወረቀት የያዘ ማንም ሰው አይግባ ነው። የጥበቃ ኃላፊው ሞሎይ፣ የሶዌቶ ሰው፣ የእኔ እኩያ፣ መመሪያውን በፕላስቲክ አስለብጦ ከበሩ ጎጆ ውስጥ ሰቀለው።

ኮሮና መጣና ሎክዳውን ታወጀ። ሦስት ሳምንት ነው ተባለ። የመጨረሻው ቀን ጋሽ ደመቀ ለግቢው ጥበቃ ሠራተኞች በሙሉ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ሞልተው፣ ፈርመው፣ ማህተም መቱላቸው። የፈቃዱ ቅጽ ራሱ ግርጌው ላይ የተቋሙ ማህተም የሚያርፍበት ቦታ አለው፤ እንዲህ ያለ ቅጽ ያወጣ መንግሥት ይመሰገናል አሉ። ከዚያ ማህተሙን ካዝናው ውስጥ ቆለፉ፣ የርክክብ ቃለ ጉባኤ አዘጋጁ፣ እሳቸው፣ እኔና ሞሎይ ፈረምንበት። በራሳቸው ፈቃድ ላይ ግን አልመቱም። ለእኔም አልመቱም። ሦስታችንም ትዝ አላለንም።

ሦስቱ ሳምንት ተራዘመ። ጋሽ ደመቀ ሮዘተንቪል ከሚገኘው ቤታቸው ከረባት አስረው መሥራት ጀመሩ። በስክሪን ስብሰባ ላይ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሲገቡ ብድግ ስለሚሉ፣ ሰላምታው እስኪያልቅ ሁላችንም የምናየው ቀበቷቸውን ነበር። ኢሜይል ሲደርሳቸው ደውለው ያነቡልኛል፣ እኔም ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ደብተሬ ላይ የገቢ ቁጥር እሰጠዋለሁ። በኮምፒውተር ይፈርሙ ሲባሉ፣ እሱ ሥዕል ነው ብለው እምቢ አሉ።

አንድ ረቡዕ ሜሮን የምትባል ተማሪያችን ደወለችልኝ። አባቷ ኮዝሞ ሲቲ በሚባል ሰፈር ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የመንደር ሱቅ አለው፤ እሷ ነርሲንግ ተምራ የመጨረሻ ፈተናዋን ሎክዳውኑ ሊታወጅ ጥቂት ሲቀረው ጨርሳለች። አንድ ሆስፒታል ቀጥሯታል። ነገር ግን ትምህርቷን ለመጨረሷ ማህተም ያለበት ኦሪጅናል ደብዳቤ እስከ ነገ የሥራ መውጫ ሰዓት ካላቀረበች ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል ተብላለች። የተማሪነት የመኖሪያ ፈቃዷም ወሩ ሲያልቅ ያበቃል። እትዬ ጽጌ፣ እባክሽ፣ እያለች ታለቅሳለች። የሆስፒታሉ ጸሐፊ በኢሜይል አንቀበልም ማለቷን ለጋሽ ደመቀ ስነግራቸው፣ ሴትዮዋ ሥራዋን ታውቃለች አሉ። ከዚያ ግን ድምፃቸው ተለወጠና ጠዋት ቤትሽ በር ላይ ጠብቂኝ አሉኝ።

በዚያ ወቅት ያለ ፈቃድ ከቤት የሚወጣው አስቤዛ ሊገዛ ብቻ ነው። መንገድ ላይ ወታደር አስቆመን። ጋሽ ደመቀ ሽንኩርት ልንገዛ ነው አሉት፣ አሳለፈን። ውሸት ሆኖ እንዳይቀር መኪናቸውን አቁመው እውነትም አንድ ከረጢት ሽንኩርት ገዙ። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ የደረስነው በሙሉ ልብስ፣ በከረባት፣ በማስክና በሽንኩርት ነው። ሜሮን ቀድማን መጥታ አጥሩ ሥር ቆማለች።

ሞሎይ ከፍርግርጉ ማዶ ሆኖ በዙሉ «ሳዎቦና ባባ»፣ ጤና ይስጥልኝ አባባ፣ ብሎ በአክብሮት ተቀበለንና ፈቃድ ጠየቀ። ጋሽ ደመቀ ሌሊቱን ሲሞሉት ያደሩትን ቅጽ አቀበሉት። ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ፊርማ አለው።

«ባባ፣ ማህተም የለውም» አለ ሞሎይ።

«ማህተሙ ውስጥ ነው።»

«ገብቶኛል። ግን የለውም።»

ሞሎይ መመሪያውን ከግድግዳው አውርዶ በፍርግርጉ በኩል አሳየን። አንቀጽ አራት፣ ማህተም የሌለው ወረቀት የያዘ ሰው፣ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ቢሆንም እንኳ፣ አይገባም ይላል። ጋሽ ደመቀ መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡትና በደንብ የተጻፈ ነው አሉ። በሽንኩርቱ ከረጢት ልላቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።

እኔ ተቆጣሁ። ሞሎይ ግን አልተቆጣም፤ ባለፈው ሳምንት አንድ ባልደረባው ፈቃድ የሌለው ሰው አስገብቶ ከሥራ መባረሩን ነገረኝ፣ አራት ልጆች አሉኝ አለኝ። ጋሽ ደመቀ አንቀጽ አራትን የሚሽር ደብዳቤ እጽፋለሁ ብለው እስክሪብቶ አወጡ። ሁለት መስመር ጽፈው ቆሙ። ለካ እሱም ማህተም ያስፈልገዋል። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ሜሮን ሰዓቷን ታያለች፤ አንጀቴን በላችኝ።

በመጨረሻ ሞሎይን፣ መመሪያው ስለ ካዝና ምን ይላል ብዬ ጠየቅሁት። ከአንቀጽ አንድ ጀምሮ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ስለ ካዝና አይልም፣ ወደ በር እንዳይመጣ የሚከለክል ነገር የለም አለ። ሁለት ጥበቃዎች ሄዱና ካዝናዋን በአትክልተኛው የእጅ ጋሪ ጭነው፣ ጎማው ሲጥ ሲጥ እያለ መጡ። ጋሽ ደመቀ ክንዳቸውን እስከ ትከሻቸው በፍርግርጉ አስገብተው ካዝናዋን ከፈቱ። ሞሎይ በጤና ደንብ ማህተሙ ላይ ሳኒታይዘር ረጨበት። ቀለሙ ፈሰሰና ማህተም የተመታበት የመጀመሪያው የፈቃድ ቅጽ አይነበብም ተብሎ ተመለሰ። ሌላ ሞልተው መቱበት፤ ሁለተኛው አለፈ። በሩ ተከፈተና ጋሽ ደመቀ ጋሪውን ተከትለው ቀስ ብለው ገቡ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ደብዳቤውን በሁለት እጃቸው ለሜሮን ሰጧት። ሦስት ቦታ ግልባጭ ነበረው። ልጅቷ እየሮጠች ታክሲ ፍለጋ ሄደች። ማታ ደርሻለሁ፣ ተቀብለውኛል ብላ ደወለችልኝ።

እኛ እዚያው በር ላይ ስንሳሳቅ ሞሎይ አልሳቀም። መመሪያውን መልሶ እየሰቀለ ነበር።

«ባባ፣ እርስዎ ካዝናው መጣልዎ። በዚህ አንቀጽ የመለስኳቸው ሌሎቹስ?» አለ።

 አንቀጽ አምስት የተመለሰ ሰው ስሙና ስልኩ ይመዝገብ ስለሚል፣ ጋሽ ደመቀ መዝገቡን አምጣልኝ አሉት። ቆመው አነበቡት። አርባ ሦስት ሰው ነበር። ያን ያህል ዓመት ከጎናቸው ስሠራ ፊታቸው እንዲያ ሲሆን አይቼ አላውቅም። በዚያው ሳምንት አንቀጽ አራትን ለወጡት፤ ጥበቃው ማንንም ከመመለሱ በፊት ለቢሯችን መደወል አለበት የሚል ሆነ።

የቀረውን የሎክዳውን ጊዜ ያሳለፍነው መዝገቡ ላይ ላሉት ሰዎች ስልክ በመደወል ነው። እሳቸው ከሮዘተንቪል፣ እኔ ከቤቴ፣ በአንድ መስመር። የአንዳንዱ ስልክ አይሠራም። አንዱ አጭበርባሪ መስለነው ሰደበን፤ ጋሽ ደመቀ ስድቡን የገቢ ቁጥር ስጪው አሉኝ። አንድ የታክሲ ሾፌር መሪ ላይ ነኝ፣ ሠላሳ ደቂቃ ጠብቁኝ ብሎ በእርግጥም በሠላሳ ደቂቃው መልሶ ደወለ።

የአንዲት የሶዌቶ ሴት ነገር ግን አያስቅም ነበር። ለአስተማሪነት ቃለ መጠይቅ የዲፕሎማዋን ቅጂ ልትወስድ የመጣችው በእጅ የተጻፈ ማመልከቻ ይዛ ነበር። ተመለሰች፣ ቃለ መጠይቁም አለፋት። በሩ ላይ ያለው ሰውዬ አዝኖ ነው የመለሰኝ፣ እሱን እንዳትቆጡት አለችን።

«ያን ደንብ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ» አሏት ጋሽ ደመቀ።



«ወረቀቱ አሁንም ያስፈልገኛል» አለች ሴትዮዋ።

ላክንላት። ጋሽ ደመቀ በቀጣዩ የጆሃንስበርግ ክረምት በዚያው በኮሮና አረፉ። ቀብር ላይ የሚፈቀደው ሰው የተወሰነ ስለነበር እኔና ሞሎይ መኪና ውስጥ ሆነን ነው የሸኘናቸው። አብዝቼ አለቀስኩ፤ አሁንም ወንበር ባየሁ ቁጥር እስቃለሁ። ሲያርፉ ዝርዝሩ ላይ ዐሥራ አንድ ስም ቀርቶ ነበር። እኔና ሞሎይ ጨረስነው።

አዲስ የሚቀጠሩ ልጆች ከዚያ ሁሉ ዓመት ምን ተማርሽ ይሉኛል። የመለሳችሁትን ሰው ስም መዝግቡ፣ ከዚያ ደውሉለት እላቸዋለሁ።