ሴቷ ትበልጣለች

የመዋዕለ ሕፃናቱ አስተማሪ በር የሚያስጎነብስ ቁመት ያላት፣ ትከሻዋ የሰፋ፣ ስትስቅ የመስኮት መስታወት የምታንቀጠቅጥ ሴት ናት። ባሏ ልብስ ሰፊው ደግሞ ደቃቃ ነው፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ እንኳ ከብብቷ ብዙም አያልፍም። የተዋወቁት ቀሚስ ልታሰፋ ሱቁ የገባች ቀን ነው። ትከሻዋን ለመለካት በርጩማ ላይ ወጣ። ወገቧ ጋ ሲደርስ ሜትሩን አዙሮ ለመያዝ እጁ አልበቃ ስላለው አንዱን ጫፍ እሷን አስይዞ ዙሪያዋን በሩጫ ዞራት። እሷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ እሱ መጀመሪያ አፈረ፣ ቀጥሎ አብሯት ሳቀ። ቀሚሱ ሳያልቅ ነገሩ አለቀ፤ ተጋቡ።

ሰፈር ግን አፍ አለው። አብረው ሲሄዱ ያየ ሁሉ አንድ ነገር ጣል ሳያደርግ አያልፍም ነበር። አንዱ ልጇን ወዴት እያደረሰች እንደሆነ ይጠይቃታል፤ ሌላው ልብስ ሰፊውን፣ አንተማ ጃንጥላ አያስፈልግህም ይለዋል። እሷ ከት ብላ ስቃ ታልፈዋለች። እሱ ግን ነገር ከሆዱ የማይወጣለት ሰው ነው። እያደር መንገድ ላይ ቀደም ቀደም ብሎ መሄድ ለመደ፤ እሷም እንዳላወቀች ሆና ከኋላ ትከተለዋለች። ሱቁ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ስለሆነ ምሳዋን በየቀኑ የሚያመጣላት እሱ ነው፤ ምሳውንም ቢሆን ለዘበኛው በበሩ ቀዳዳ ያቀብልና እግሬ አውጪኝ ይላል። ቤት ሲገቡ ጨዋታው የማያልቅ ሰው፣ አደባባይ ላይ የማያውቃት ይመስላል። ይህ ይከነክናት ነበር፤ አንድም ቀን ግን ከአፏ አላወጣችውም።

ጭልፊቷ የመጣችው በዚህ መሃል ነው።

አንድ ጠዋት ልጆቹ ግቢ ውስጥ ሲጫወቱ የርግብ ክንፍ ከሰማይ ወርዶ መንሸራተቻው ላይ ዱብ አለ። ክንፍ ብቻ፤ ርግብ የለም። ድምጿ ጆሮ ስለሚሰነጥቅ ቃጭል የሚሏት የአምስት ዓመት ልጅ ክንፉን አንስታ ወደ አስተማሪዋ ወሰደችና የቀረው የት እንዳለ ጠየቀች። ጠንቃቃው ዳይሬክተር፣ ልጆቹ እንዳይደነግጡ ድመት ነው በያቸው አሉ። በማግስቱ ደግሞ እግር ወረደ። አስተማሪዋ አንገቷን አቅንታ ከግቢው ጎን ያለውን ረጅም የቢሮ ሕንፃ ብትመለከት፣ ከላይኛው ፎቅ መስኮት ስር ባለችው ጠባብ ጠርዝ ላይ አንዲት ወፍ ደረቷን ነፍታ ተቀምጣለች። ከዓይኖቿ ስር እንደ ሪዝ ወደ ታች የወረደ ጥቁር ምልክት አላት። አስተማሪዋ ስለ ወፎች የምታውቀው ክንፍ እንዳላቸው ብቻ ነበር፤ ያም ሆኖ ድመት ያላደረገውን በድመት ማላከክ አልሆነላትም። ከሥራ ስትወጣ ቤተ መጻሕፍት ገብታ፣ ስለ ጭልፊት የተጻፈ ያገኘችውን ሁሉ ተሸክማ ወጣች።

በነጋታው ልጆቹን ምንጣፍ ላይ ሰብስባ እውነቱን ነገረቻቸው። ርግቧን የበላቻት ጭልፊት ናት፤ ጭልፊት ሣር አትበላም፤ ጫጩቶቿም እንደ እናንተ ይርባቸዋል አለች። ቃጭል፣ ርግቧ እናት ነበራት ወይ ብላ ጠየቀች። አስተማሪዋም አዎ፣ ነበራት ብላ መለሰች፤ ሁሉም ትንሽ አዘኑ። ከዚያ አንዱ፣ ጭልፊቷ እንዴት አድርጋ እንደያዘቻት ማወቅ ፈለገ። ሐዘኑም በዚያው አበቃ።

እንዴት እንደያዘቻትማ በአፍ ብቻ አይነገርም። አስተማሪዋ ወንበር ላይ ወጣች። ጭልፊት ርቀቱን ለመለካት አናቷን ወደ ላይ ወደ ታች እንደምታደርግ አሳየች፤ ምንጣፉ ላይ ያለው አናት ሁሉ ወጣ ወረደ። ቀጥሎ ከፍ ብላ ትበራለች፣ ክንፏን ትሰበስባለች፣ ከዚያ እንደ ድንጋይ ትወረወራለች፤ ያን ጊዜ በዓለም ላይ እሷን የሚቀድም እንስሳ የለም። ይህን ብላ ዘለለች። ወለሉ ጓ ሲል ጎን ባለው ክፍል የተኙት ሕፃናት በሙሉ ነቁ። ልጆቹ ድገሚ አሏት፤ ደገመች። ጎጆ እንደማትሠራ፣ ጠጠሩን ቧጨር አድርጋ እንቁላሏን እዚያው ባዶ ጠርዝ ላይ እንደምትጥል፣ ያልተፈጨላትን ላባና አጥንት ደግሞ ጠቅልላ እንደምትተፋ ነገረቻቸው። ትፋቱ ላይ ሲደርሱ ደስታቸው ወሰን አጣ።

የወንዱም ነገር ተነሣ። ወንዱ አነስ ይላል አለች፤ ሴቷ ትበልጣለች። እሷ ጫጩቶቹን ስትጠብቅ እሱ አድኖ ምግብ ያመጣላታል፤ አንዳንዴም አየር ላይ ይለቅላታል፣ እሷም ተገልብጣ ትቀልባለች።

ቃጭል እጇን ማውጣቷን ረስታ፣ "ቲቸር፣ አንቺና ባልሽ ጭልፊት ናችሁ?" አለች።

አስተማሪዋ ስንት ዓመት የሰማችው ቀልድ ሁሉ ትዝ አላት። ይህ ግን ቀልድ አልነበረም፤ ልጅቷ ከልቧ ነው የምትጠይቀው።

"ሳንሆን አንቀርም" አለቻት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የምሳ ሰዓት ሲደርስ ልጆቹ አጥሩ ላይ ተለጥፈው ጠበቁ። ልብስ ሰፊው ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ መንገዱን ሲሻገር፣ ወንዱ መጣ የሚል ጩኸት ሰፈሩን አናጋው። እሱ ማንን እንደሚሉ ለማየት ወደ ኋላው ዞረ፤ ማንም የለም። ዘበኛውም ነገሩ ገብቶት በሩን ወለል አድርጎ ከፈተለት። ልጆቹ ከበቡት። ዙሪያውን ዞረው አዩትና መጠኑ ልክ ነው ብለው ተስማሙ። ምሳውን በእጅ ማቀበል እንደማይፈቀድለት፣ አየር ላይ መልቀቅ እንዳለበትም አስረዱት።

ፊቱ በርበሬ መሰለ። አሁን ዞሮ ይሄዳል ብላ አስተማሪዋ ሰጋች።

"ክዳኑ ላላ ብሏል" አለ ቀስ ብሎ። "ሾርባ አለው።"

"ወርውረው" አለችው።

ወረወረው። ምሳ ዕቃው በአናቷ ላይ አልፎ የዘበኛው ቤት ጣሪያ ላይ አረፈ፤ ሾርባውም በቆርቆሮው ጠርዝ ወርዶ የዘበኛው ባርኔጣ ላይ ተንቆረቆረ። ከዚያ ልብስ ሰፊው፣ ያ ዓይን አፋር ሰው፣ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። አስተማሪዋ ያን ሳቅ ከቤትና ከሱቅ ውጭ ሰምታው አታውቅም ነበር። በዚያ ቀን ጾሟን ዋለች፤ የጠገበች ያህል ግን ደስ ብሏት ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጇ ወጣ። ልብስ ሰፊው ቁርጥራጭ ጨርቅ በጠቀጠቀበት ከረጢት ሱቁ ውስጥ ውርወራ መለማመድ ጀመረ፤ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ ሳይወድ በግዱ ቀላቢ ሆነ። ሾርባ ቀረ፤ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል አፉ በተሰፋ ከረጢት እየሆነ በየቀኑ በግቢው ላይ ይበር ጀመር። ከተረፈው ገበር ደግሞ ለልጆቹ ሁሉ ክንፍ ሰፋላቸው፤ ላዩ ግራጫ፣ ውስጡ ነጭ፣ ጥቁር መስመር ያለው። ለሴቶቹ ሰፋ፣ ለወንዶቹ ጠበብ አደረገው። ወንዶቹ ሊያኮርፉ ሲሉ፣ ትንሽ ክንፍ ቶሎ ይታጠፋል፣ እኔን እዩኝ አላቸው፤ አመኑት።

መዘዙ የመጣው ከቃጭል ቤት ነው። አባቷ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብቶ እንደተናገረው፣ እንግዳ በተጠራበት ራት ላይ ልጅቷ ሥጋውን በጥፍሯ እየቦጨቀች በላች። ሲያበቃ አንድ የተጠቀለለ ነገር የገበታው ጨርቅ ላይ ትፍ አለችና፣ ይህ ላባው ነው ብላ ለእንግዶቹ አስረዳች። ዳይሬክተሩ አስተማሪዋን አስጠርተው የጭልፊቱ ነገር በዚህ ሳምንት ይብቃ፣ ከዚያ ወደ ቢራቢሮ እንለፍ አሉ። ልጆቹም በወጉ እንዲሰናበቱ የተማሩትን ለወላጆቻቸው ያሳዩ ብለው ፈቀዱ።

በዕለቱ ወላጆች በልጆቹ ትንንሽ ወንበሮች ላይ፣ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ ግቢው ውስጥ ተደረደሩ። ልጆቹ ክንፋቸውን ዘርግተው ገቡ። ቃጭል ወደ ፊት ወጥታ በዚያ ድምጿ ሴቷ ትበልጣለች ብላ ስትጀምር፣ ከወላጆቹ መሃል ሳቅ አፈተለከ። ዓይን ሁሉ ወደ አስተማሪዋ፣ ከዚያም በሩ አጠገብ ወደቆመው ባሏ ሄደ። አስተማሪዋ በልቧ፣ በቃ፣ የድሮው ነገር ተመለሰ አለች።

ባሏ ግን በሩን ለቀቀ። በወላጆቹ ሁሉ ፊት አቋርጦ መጣና አጠገቧ፣ ክንዷ ስር ቆመ።

"በሲሶ ያህል" አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። "በሲሶ ያህል ትበልጣለች። መጽሐፍ ላይ አለ።"

ይህን እንዳለ ከላይ ስለታም ጩኸት ተሰማ። ወንዱ ጭልፊት አንዲት ትንሽ ወፍ በጥፍሩ ይዞ ከጣሪያዎቹ በላይ ብቅ አለ። ሴቷ ከጠርዙ ተወርውራ ከስሩ ገባች፣ ጀርባዋን ወደ መሬት ገለበጠች፤ እሱ ለቀቀ፣ እሷ ቀለበች። ሁሉም ነገር በአንድ ትንፋሽ ሆኖ አለቀ። የቃጭል አባት ሲያንጋጥጥ ከነወንበሩ ወደ ኋላ ሄደና እዚያው በጀርባው ተንጋሎ፣ አያችሁ፣ አያችሁ ይል ጀመር። ያልገረማቸው ልጆቹ ብቻ ነበሩ፤ ነግረናችሁ አልነበር እያሉ በወላጆቻቸው መሃል ይንጎራደዱ ነበር።

ከዚያማ ጉድ ፈላ። አንዷ እናት ቦርሳዋን ለባሏ ሰጥታ ወርውርልኝ አለችው። እሷን ያየ ሁሉ ተነሣ። ኮፍያ በረረ፣ ጫማ በረረ፣ የቃጭል አባት የወረወረው ጃኬት ዛፍ ላይ ቀረ። ዳይሬክተሩ ይህን ሁሉ እጃቸውን አጣምረው ሲያዩ ቆዩና መነጽራቸውን ለዘበኛው አስይዘው ወንበር ላይ ወጡ። አናታቸውን ወጣ ወረድ አድርገው ርቀቱን ለኩ። ዘለሉ። ስለ ቢራቢሮ በዚያ ቀን ያነሣ ሰው አልነበረም።

አስተማሪዋና ባሏ ወደ ቤት ሲመለሱ የእግረኛ መንገዱን ሞልተው፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሄዱ። የዳይሬክተሩ ዝላይ ትዝ ባላት ቁጥር የመብራት ምሰሶ ይዛ ትቆማለች፤ እሱም ሳቋ እስኪያልፍ ቆሞ ይጠብቃታል።

"ቀድሜሽ ቀድሜሽ እሄድ እንደነበር ታውቂ ነበር?" አላት በመጨረሻ።

"በዚህ ቁመቴ" አለችው፣ "ምን ይሰወረኛል?"

እሱ እጇን ጠበቅ አደረገው።

ጫጩቶቹ በጊዜያቸው በረሩ፤ አንዱ በመጀመሪያ ቀኑ የትምህርት ቤቱ የውሃ ታንከር ላይ አርፎ እናቱን ሲጣራ ዋለ፣ ልጆቹም አይዞህ ሲሉት ዋሉ። ብዙም ሳይቆይ ጠርዙ ባዶ ሆነ። ሰፈሩ ግን ባልና ሚስቱን ጭልፊቶቹ ብሎ መጥራት አልተወም። ልብስ ሰፊው መጀመሪያ የጠላ መሰለ፤ በኋላ የሱቁን ማስታወቂያ ሊያሳድስ ሲል ሠዓሊውን ጭልፊት ሣልልኝ አለው። ሠዓሊው ጭልፊት አይቶ ስለማያውቅ ሥዕሉ ዶሮ ሆኖ ወጣ። አስተማሪዋ አይታው መንገድ ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች። ባሏም እንዲህ ካሳቀሽ አይነካም ብሎ በሩ አናት ላይ ሰቀለው። አሁንም አልፎ አልፎ እንቁላል ሊገዛ የሚገባ ሰው አይጠፋም፤ ልብስ ሰፊው እንቁላል የለንም፣ ሱሪ ግን እናሳጥራለን ይለዋል።