የረጠበው ስንዴ

በአብዮቱ መጀመሪያ፣ ረሃቡ ገና ከደጃችን ሳይርቅ፣ መካነ ሰላም አስተማሪ ነበርኩ። የእርዳታ ስንዴ መጥቶ በትምህርት ቤቱ የቆርቆሮ አዳራሽ ሲከማች ኃላፊነቱ ለእኔ ተሰጠ። ዘበኛው ቀን ቀን ለልጆች ቁርአን የሚያስቀሩ፣ ዝም ያሉ ሽማግሌ ነበሩ።

አይጥና ሌባ አስጨነቁኝና ከጣሪያው ሥር ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች በጭቃ አስደፈንኩ። ሽማግሌው፣ «ልጄ፣ ቤቱ ይታፈናል፤ ተይው» ብለውኝ ነበር። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ሰው አልሰማም።

በሳምንቱ የላይኞቹ ጆንያዎች ረጥበው ተገኙ። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ጠብ ያለ ዝናብ የለም። የቀበሌው ሊቀ መንበር ብዙም አላሰበ፤ ዘበኛው ስንዴ ሰርቆ፣ ሚዛኑ እንዳይጎድል ውሃ ረጭቶበታል አለ። አሰሯቸው። ሦስት ቀን ጠየቋቸው። በማግስቱ ወደ ደሴ ሊላኩ ነው፤ በዚያ ዘመን የሕዝብ እህል ነካ የተባለ ሰው መመለሱን እንጃ።

አላመንኩም። ተመልሼ ጆንያዎቹን ዳሰስኩ። እርጥቡ በመስመር በመስመር ነው፤ ልክ ቆርቆሮው በተመታበት እንጨት ትይዩ። ሰው ቢረጨው እንዲህ አይሆንም።

ሐፍረቱ አቃጠለኝ። ክፍል ውስጥ ስንቴ አስተምሬዋለሁ! ከዓባይ ሸለቆ የሚነሳው ሞቃት አየር ወደ እኛ ከፍታ ሲወጣ ግፊቱ ይቀንስለታል፤ ይሰፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ የያዘውን እርጥበት መሸከም ሲያቅተው ደመና ይሆናል። እዚህም ከዚያ የራቀ አይደለም፤ ቀን ቤቱ ሲግል የስንዴው እርጥበት ወደ አየሩ ይወጣል፣ ንጋት ላይ ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ አየሩ እዚያው ላይ ይጥለዋል። መውጫውን የደፈንኩበት እኔ ነኝ።

ሊቀ መንበሩ ዘንድ ሄድኩ።

«መምህርት፣ አርፈሽ ልጆችሽን አስተምሪ» አለኝ።

«አላርፍም። ደረቅ ጆንያ ከላይ እንደርድርና አዳራሹን በራስህ ቁልፍ ቆልፈው። ቁልፉን ኪስህ ክተት። ጠዋት አብረን እንከፍታለን። ደርቆ ካደረ እኔንም አብረህ ላከኝ።»

እሺ ብሎ ቆለፈው፤ በሬን ዘግቼ የምተኛ መስሎት ነበር። ገና ጎህ ሲቀድ ደጁ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ሲከፍተው ቆርቆሮው ከዳር እስከ ዳር አልቦት ነበር። አንጋጦ ሲያይ ጠብታ ግንባሩ ላይ አረፈች። ጠረጋትና ጣቱን ትክ ብሎ አየው፤ ከዚያም ከጣሪያው ሥር ያለውን ጭቃ።

«ቀዳዳውን ማነው ያስደፈነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ስንጠይቀው ስምሽን አላነሳም እኮ!»

ሽማግሌው ሲፈቱ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ብል ያዙኝ።

«ለምን አልነገሩብኝም?» አልኳቸው።

«አብሽሪ ልጄ። አንቺም ከታሰርሽ ስንዴውን ማን ሊያከፋፍል ነው? ይልቅ ሳይሻግት መሰላል አምጪ።»

መሰላሉን አመጣሁ። እሳቸው ከሥር ያዙልኝ፤ እኔ ወጥቼ ጭቃውን በጥፍሬ ፈነቀልኩት።