ይለፍ ወረቀቴ እና የድንጋዩ መስቀል

በደርግ ጊዜ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አሰበ ተፈሪ አውቶቡስ ተራ ቆሜ ኪሴን ስዳብስ... ይለፍ ወረቀቴ የለም። ያለ እሱ ደግሞ ኬላ አይታለፍም። በማግስቱ እህቴ ድሬዳዋ ልታገባ ነው፤ አባታችን ስለሞተ መርቄ የምድራት እኔ ነበርኩ።

አህመድ የሚባል የማውቀው ጫት ነጋዴ ስርበተበት አየኝ።

«ወረቀትህን ነው? ትናንት መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት እኮ።»

«እግዜር ይስጥህ... በል አምጣው።»

«እኔ ጋ የለም። ቤተ ክርስቲያናችሁ ወስጄ ድንጋዩ ሥር አስቀመጥኩት። ደንባችሁ እንደዛ አይደል?»

ሰውየው ቤቴን ያውቃል። እንደውም በየቀኑ በደጄ ነው የሚያልፈው።

አጥቢያችን ግቢ ውስጥ ማን እንዳቆመው የማይታወቅ የጥንት የድንጋይ መስቀል አለ። የጠፋ ዕቃ ያገኘ ሰው ሥሩ ያኖራል፣ ሌባ እንኳ አይነካውም። ባለቤቱም ቢሆን የሚያነሳው ከአጥቢያው ሁለት ምስክሮች መስቀሉን ይዘው ከማሉለት በኋላ ነው።

እየሮጥኩ ሄድኩ። ወረቀቴ ጠጠር ተጭኖበት ቁጭ ብሏል። እጄን ስዘረጋ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ አባ ወልዴ ዱላቸውን አጋደሙብኝ።

«ምስክርህስ?»

«አባ፣ ፎቶዬ እኮ አለበት።»

«ፎቶ አይምልም ልጄ።»

በስንት ልመና አንድ ሰው አገኘሁ። ሁለተኛ ሳጣ፣ በአጥር የተነሳ ዓመት ሙሉ የተኳረፍነው ጎረቤቴ ታደሰ ከቅዳሴ ሲወጣ አየሁት። ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ለመንኩት፣ እሺ አለኝ።

አባ ወልዴ ግን አሁንም ዱላቸውን አላነሱም። «የተጣላ ሰው ለተጣላው አይምልም። መጀመሪያ ታረቁ።»

«ይቅር በለኝ ታዴ፣ አጥሩም ያንተ ይሁን» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«ከልብህ አይደለም» አለ ታደሰ። ከዚያ ተደላድሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «አባ፣ ነገሩ የጀመረው አምና ሰኔ ላይ ነው...»

ከታች የአውቶቡሱ ጡሩንባ ይሰማኛል። ታደሰ ገና የአጥሩ የመጀመሪያ ቋሚ እንጨት ላይ ነው። ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ታደሰ በመጨረሻ ወሬውን ሲጨርስ ተሳሳምን፣ ተማለ፣ ወረቀቴን አነሳሁ። አውቶቡሱ ሄዷል። በማግስቱ ድሬዳዋ ስደርስ እህቴን አጎታችን መርቆ ድሯት ሙሽሮቹ ሄደዋል። ኬላ ላይ ደግሞ ወረቀቴን የጠየቀኝ ሰው የለም።

ይኸውላችሁ... ከጎረቤቴ ታርቄ ከእህቴ ተኳረፍኩ።